ፀሐይ ያልበላችው ቢጫ

አጣቢዋ በሰገነቱ ላይ፣ በተነጠፈ ትልቅ የጠረጴዛ ልብስ ላይ በደረቷ ተደፍታለች። የራስ ቅሏ ከኋላ ገብቷል። ሦስት ጊዜ ተመታለች፤ አንዱ ይበቃ ነበር። ቀኝ እጇ ወደ ፊት ተዘርግቷል። ደሙ በጨርቁ ላይ ፈስሶ፣ ፀሐይ መትታው፣ እንደ አሮጌ ቆዳ ደርቋል። ሰዓቱ ከቀኑ ስድስት ከሩብ ነበር።

ታች፣ ከደረጃው ሥር፣ ሌላ ሰው እየተደበደበ ነበር።

መርማሪዋ በሩን ስትገፋ መጀመሪያ የሰማችው የእንጨት ድምፅ ነው። በቤቱ ልብስ የሚጨምቀው ሰው በማስጫ ገመድ ከደረጃው ብረት ጋር ታስሯል። አንድ ዓይኑ ተዘግቷል፤ ከአፉ ደም ይንጠባጠባል። የጎረቤቱ አናጢ የወንበር እግር አንሥቶ አራተኛውን ሊያሳርፍ ነበር።

«በቃ!» አለች።

አናጢው እያለከለከ ዞረ። «እመቤቴ፣ እጅ ከፍንጅ ነው የያዝነው! ደሟ እጁ ላይ ነው። ልብስ የሚደበድቡበት ዱላም እሱ ገንዳ ውስጥ፣ ደም ያቀላው ውሃ ውስጥ ተገኘ። ከዚህ በላይ ምን ቀረ?»

«እኔ ቀርቼ ነበር፤ መጣሁ። እንጨቱን መሬት አስቀምጥ።»

አጭር ሴት ናት፤ ፀጉሯ ገብስማ ነው። በሸሚዟ ኪስ ላይ የቀለም እድፍ አለ። በክረምትም በበጋም ጥቁር ጃንጥላ ከእጇ አይለይም። ከኋላዋ የቆመው ፖሊስ ከበሩ ጉበን ጎንበስ ብሎ የገባ ረጅም ሰው ነው። ወደ ጆሮዋ ዝቅ አለ።

«አለቃ፣ ይህን ሰው እዚህ ብንተወው ይገድሉታል። ብንወስደው ደግሞ ማስረጃው ሁሉ በእሱ ላይ ነው፤ ከእስር ቤት በእግሩ አይወጣም።»

«እንግዲያስ እንፍጠን። ማንም ሬሳውን እንዳይነካ» አለችና ደረጃውን ወጣች።

ሰገነቱ ላይ ጥላ የለም። ነጭ ልብስ በገመድ ላይ ተሰጥቷል፤ ዓይን ያጥበረብራል። መርማሪዋ ሬሳውን አንድ ጊዜ ዞረችው። ጎንበስ ብላ ቁስሉን አየች። ከተዘረጋው እጅ ክንድ ያህል ራቅ ብሎ በጨርቁ ላይ ያለ አንድ ነገር አየችና ቆመች። ከዚያ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ በራሷ ላይ ሳይሆን እዚያች ቦታ ላይ ደፋችው።

«ምስኪን፣ ለሟች አዘነች» አለች አንዲት ጎረቤት ከደረጃው አፍ።

መርማሪዋ አላረመቻትም። ቀጥሎ ጥግ ላይ የቆመውን የውሃ መርጫ በእግሯ ነካ አደረገችው። እስከ አፉ ሙሉ ነበር። ገመዱን ከዳር እስከ ዳር ተመለከተችና አንድ የትራስ ልብስ ጋ ስትደርስ ዓይኗ ቆየ። ከዚያ ወረደች።

ሟቿ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በዚህ ቤት ሃያ ዓመት ልብስ አጥባለች። ደንበኞቿ «ነጭናጫ» ይሏት ነበር፤ ነጭ ልብስ እንደ እሷ የሚያወጣ ስለሌለ፣ እንደ እሷም የሚነጫነጭ ስለሌለ። በቤቱ ከእሷ ሌላ ሦስት ሰው አለ። ጨማቂው፣ ልጇ፣ የልጇ ባል። የልጇ ባል ልብስ ይተኩሳል።

መርማሪዋ ጨማቂው ፊት ቁጢጥ አለች።

«ዛሬ ጠዋት ከእሷ ጋር ተጣላህ አሉኝ።»

«ያልተጣላንበት ጠዋት ካለ እሑድ ነው» አለ በተሰነጠቀ ከንፈሩ። «ባልዲ ሰበርኩ። ‹ያንተ እጅ ለልብስ እንጂ ለዕቃ አልተፈጠረም› አለችኝ።»

«ከዚያስ?»

«ሁለት ተኩል ላይ ጋሪ ይዤ ውሃ ልቀዳ ሄድኩ። ቧንቧው ጋ ሰልፉ እባብ ነበር፤ አርባ ሰው አይቶኛል። አምስት ተኩል ላይ ስመለስ ተኳሹ ሲወጣ በር ላይ ተላለፍን። በርሜሎቹን ሞላሁ። ስድስት ሰዓት ሆነ። ዛሬ ምነው አልጮኸችብኝም ብዬ ወጣሁ።»

«አገኘሃት።»

«ራሷን በእርጥብ እጄ ቀና አደረግኩት። መልሼ አስተኛሁት። ሌላ አልነካሁም፤ ነክቼ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው።»

«ታስረህ ታውቃለህ?»

«ሦስት ዓመት፤ በድብድብ። ስወጣ በሩን የከፈተልኝ ሰው እሷ ብቻ ናት።» ቀና ብሎ በአንድ ዓይኑ አያት። «ይኼን ማን ያምነኛል?»

«እኔ ገና አላመንኩም፤ ገና አልካድኩምም» አለችና ተነሣች።

ልጅቱ ከደረጃው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል አልጋ ላይ ተቀምጣለች። በዚያ ሙቀት ወፍራም ሻርፕ እስከ አገጯ ተጠቅልላለች። ትራሷ ልብስ የለውም።

«ምን ሰማሽ ልጄ?»

«ምንም። ተኝቼ ነበር።»

«ምን አሞሽ?»

«ጥርሴን።»

መርማሪዋ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «እኔ ልብስ ማጠብ አልችልበትም፤ ይኸው ሸሚዜ ይመስክር። እስኪ አስተምሪኝ። እናትሽ የተደፋችበት ጨርቅ ምንድን ነው?»

ልጅቱ ስለ ሥራ ስትጠየቅ ድምፅዋ ትንሽ ጠና አለ። «የሆቴል ነው። አንድ ድስት ሾርባ ተደፍቶበት መጣ። እርድ ነው። እርድ በሳሙና አይለቅም፤ እንዲያውም ሲያጥቡት ይስፋፋል። ትናንት ስናወጣው ከዳር እስከ ዳር የእንቁላል አስኳል መስሎ ነበር።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«ለፀሐይ ይሰጣል። እርድን የምትበላ እሷ ብቻ ናት። በእርጥቡ ይነጠፋል፤ ገና ሳይደርቅ ውሃ ይረጫል፤ በየግማሽ ሰዓቱ። ፀሐይዋ ከዚያ ፎቅ በላይ ወጥታ ሰገነታችን ላይ የምትደርሰው ሦስት ሰዓት ላይ ነው። እናቴ ቀድማ አንጥፋ ትጠብቃታለች። አምስት ሰዓት ሲሆን ቢጫው ደብዛው የለም።»

«እድፍን ሁሉ ትበላለች ማለት ነው?»

«ኧረ የለም! እርድ፣ ቲማቲም፣ ካሮት ትበላለች። ደምን ግን ታጸናዋለች። ደም ቀዝቃዛ ውሃና ጨው ነው የሚፈልገው፤ ከዚያም ጥላ። እናቴ ‹ፀሐይ ያየው ደም እስከ መቃብር ነው› ትላለች።» ቆም አለች። «ትል ነበር።»

«ያ ዱላ ሰገነት ላይ ይወጣል?»

«አይወጣም። የሚነጣ ልብስ አይደበደብም።»

ይህን ካለች በኋላ ልጅቱ ዓይኗን ወደ በሩ ወረወረች። በሩ ላይ ባሏ ቆሞ ነበር።

ሸሚዙ ነጭ ነው፤ የእጅጌው መስመር ቢላ ይመስላል። ዓይኑ በለቅሶ ቀልቷል። ጎረቤቶቹ መንገድ ለቀቁለት፤ የሰፈሩ ጨዋ ነው።

«ሥራህ ምንድን ነው?» አለች መርማሪዋ።

«ተኳሽ ነኝ።»

ረጅሙ ፖሊስ እጁን ወደ ወገቡ ላከ።

«የልብስ!» አለ ሰውየው ፈጥኖ። አናጢው ሳቁ አመለጠውና አፉን ያዘ።

«አማትህን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ አየሃት?»

«አላየኋትም፤ ሰማኋት። አምስት ተኩል ላይ የሰው ልብስ ላደርስ ስወጣ ከላይ ሆና ‹ቶሎ ተመለስ፣ እዚያ ወሬ እንዳትሰልቅ› አለችኝ። ያ አውሬ ያን ጊዜ እየገባ ነበር። እኔ ምን አውቄ!» ፊቱን በመሐረብ ሸፈነ። መሐረቡም ተተኩሷል።

«ከዚያ በፊትስ?»

«ከሦስት ሰዓት ከሩብ ጀምሮ ደንበኛ አጠገቤ ነበር። አራት ኮት ይዞ መጥቶ ቆሞ አስተኮሰኝ፤ የሄደው አምስት ከሃያ ላይ ነው። አንድ እርምጃ አልተለየሁትም። ቤቱ ቅርብ ነው፤ ይጠየቅ።»

«ይጠየቃል» አለችና ረጅሙን በዓይኗ ሸኘችው። ከዚያ ወደ መተኮሻው ክፍል ገባች። መደርደሪያው ላይ ሁለት የከሰል ካውያ አለ፤ አንዱ ትንሽ፣ አንዱ ትልቅ፣ አፍንጫው ሹል፣ ተረከዙ ሰፊ። ትንሹ ገና ለብ ይላል። ትልቁ ቀዝቃዛ ነው። ክዳኑን ከፍታ ጣቷን ከተተች።

«የትኛውን ትመርጣለህ?»

«ትልቁን ነው እንጂ። ኮት ያለ ክብደት አይገዛም።»

«ሰገነት ላይ ትወጣለህ?»

«እኔ? ስምንት ዓመት ሙሉ እግሬ ረግጦት አያውቅም። ያደፈው ይወጣል፣ የነጣው ይወርድልኛል። የእኔ ሥራ ከዚያ በኋላ ነው።»

ረጅሙ ፖሊስ ላቡን እየጠረገ ሲመለስ በጆሮዋ ጥቂት ነገር ነገራት። ራሷን ነቀነቀች።

«ሁሉም ሰገነት ላይ ይውጣ። ጨማቂውንም ፍቱና አምጡት፤ እጁ ግን እንደታሰረ ይሁን።»

ወጡ። ልጅቱ እናቷን ስታይ ግድግዳውን ይዛ ቆመች። ባሏ ክንዷን ያዘ፤ ጨመቅ አድርጎ። ጨማቂው ራሱን ደፋ። አናጢው እንጨቱን ታች ቢተውም መዳፉን እስካሁን እንደጨበጠ ነው።

መርማሪዋ ፀሐይዋ ላይ ባዶ ራሷን ቆማ መናገር ጀመረች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ተኳሹ አጣቢዋን አምስት ተኩል ላይ በሕይወት ሰማኋት ይላል። እውነት ከሆነ ገዳዩ ጨማቂው ነው፤ ከዚያ በኋላ በቤቱ የነበሩት እሱና አንዲት በሽተኛ ሴት ብቻ ናቸው። የሞተችው ጠዋት ከሆነ ግን ጨማቂው የለበትም፤ ሦስት ሰዓት ላይ አርባ ሰው መሐል ለውሃ ተሰልፎ ነበር። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ነው። መቼ ሞተች?»

«እሱን ማን ያውቃል? ሬሳ አይናገር» አለ አናጢው።

«ያ የውሃ መርጫ ይናገራል። ጨርቁ በየግማሽ ሰዓቱ ውሃ ይረጭበታል። መርጫው ግን እስከ አፉ ሙሉ ነው። አንዴም አልረጨችም።»

«ረስታ ይሆናል» አለ ተኳሹ።

«ነጭናጫ?» አለ ጨማቂው ሳያስበው። «እሷ የምትረሳው መተንፈስን ነው!» ከጎረቤቶቹ አንዷ በእንባዋ መሐል ፈገግ አለች።

«ይሁን፣ ረሳች እንበል» አለች መርማሪዋ። «አናጢው፣ አንተ ጉልበት አለህ። ከፖሊሱ ጋር ሆናችሁ ቀስ ብላችሁ አንሧት። እንዳትጎትቷት።»

አነሧትና ዳር ላይ አስተኟት። ሰገነቱ ላይ የነበረ ሰው ሁሉ ወደ ጨርቁ ተጠጋ።

በነጩ ጨርቅ ላይ አንዲት ቢጫ ሴት ተኝታለች። ትከሻዋ፣ ወገቧ፣ እግሮቿ፣ ወደ ፊት የተዘረጋው ክንዷ፣ ጣቶቿ ሳይቀሩ ደምቀው ይታያሉ። በዙሪያዋ ያለው ቢጫ ግን ጠፍቶ ወረቀት መስሏል።

«ሁላችሁም ደሙን አያችሁ» አለች መርማሪዋ። «ቢጫውን ያየ የለም። ትናንት ይህ ጨርቅ ከዳር እስከ ዳር እንዲህ ነበር። ፀሐይዋ ሌላውን ስትበላ ከገላዋ ሥር ያለውን አላገኘችውም። አምስት ተኩል ላይ ወድቃ ቢሆን ኖሮ ከሥሯም ነጭ ይሆን ነበር፤ ያን ጊዜ ቢጫ የሚባል አልቀረም። እሷ የወደቀችው ፀሐይዋ ከፎቁ በላይ ስትወጣ፣ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። ተኳሹ አምስት ተኩል ላይ የሰማው ድምፅ የሟች ድምፅ ነው።»

አናጢው እጆቹን ተመለከተ። ከዚያ ጨማቂውን ተመለከተ። ዳግም የጨበጠው መዳፉ ቀስ ብሎ ተከፈተ።

«ሰዓት ተሳስቼ ይሆናል!» አለ ተኳሹ። «ያንን ሰዓት ሰው ነበረብኝ አልኩ እኮ!»

«ሰውየው የመጣው ሦስት ሰዓት ከሩብ ላይ ነው። አንተ ደግሞ ከዚያ በፊት ጨርሰሃል። በምን እንደ መታሃትም እነግርሃለሁ። ዱላው ክብ ነው፤ ቁስሉ ግን ጥግ አለው።» ጎንበስ ብላ ጃንጥላውን አነሣች።

ከጃንጥላው ሥር፣ በነጩ ላይ፣ ሌላ ቢጫ ነገር ነበር። ከሬሳው ሥር ካለው ፈዘዝ ይላል፤ ቅርጹን ግን ሕፃን አይስተውም። አፍንጫው ሹል፣ ተረከዙ ሰፊ። ዳር ዳሩን ደም ከቦታል።

«ካውያ!» አለ አናጢው።

«ትልቁ ካውያ። ገና ከሰል ስላልገባበት ጨርቁን አላቃጠለውም። እዚህ ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ተቀምጧል። ከተነሣ ግን ብዙ አልቆየም፤ ፀሐይዋ ቢጫውን አደበዘዘችው እንጂ አልጨረሰችውም። ጃንጥላዬን የደፋሁት እሷ እንዳትጨርሰው ነው። አማትህን መተህ እዚህ ጣልከው። ሳታነሣው ደንበኛው ከታች ጠራህ። ወረድክ፤ ንጹሕ ሸሚዝ በሞላበት ቤት ሸሚዝ ለመለወጥ ጊዜ አይፈጅም። አራቱን ኮት በትንሹ ካውያ ተኮስክ። ደንበኛው ‹ትከሻው አልተስተካከለም፤ ትልቁ ካውያ ምነው ብዬ ስጠይቀው እጀታው ላልቷል አለኝ› ብሏል። እጀታው አልላላም፤ አይቼዋለሁ። ሰውየው ሲሄድ አሥር ደቂቃ አገኘህ። ወጥተህ ካውያውን አመጣህ፣ በጨማቂው ገንዳ አጠብከው፣ ዱላውን እዚያው ነከርክ። ሆዱን በውሃ የታጠበ የከሰል ካውያ ያየሁት ዛሬ ነው፤ አመዱ ጭቃ ሆኗል።»

«እንደ እናቴ ነበረች! ለምን ብዬ?»

መርማሪዋ ወደ ገመዱ ሄደች። በነጫጭ ልብሶች መሐል ያንን የትራስ ልብስ ያዘችው። መካከሉ ላይ መዳፍ የሚያህል ቡናማ እድፍ ደርቋል።

«ለዚህ። ይህ ደም ነው። የዛሬው ሳይሆን የትናንት ሌሊቱ፤ ትራሱ ታች እርቃኑን ተቀምጧል። በዚህ ቤት ደምን ፀሐይ ላይ የሚሰጣ አጣቢ የለም። ሟቿ አታደርገውም፣ ልጇ አታደርገውም፣ ጨማቂውም አያደርገውም። ፀሐይ እድፍን ሁሉ ትበላለች ብሎ የሚያምን፣ ስምንት ዓመት የነጣውን ብቻ የተቀበለ አንድ ሰው አለ። ከእጇ ነጥቀህ ከሌሎቹ ጋር ሰጣኸው። ካውያውን ያስረሳህም ይኸው ነው፤ ሁለት እጅህን የያዘው ይህ ነበር።»

ተኳሹ ዞሮ የሚስቱን አንገት በሁለት እጁ አነቀ።

«አንቺ ነሽ የተናገርሽው! አንቺ!»

ራሷን ከግድግዳው አጋጨው። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ። ረጅሙ ፖሊስ ከሬሳው ማዶ ነበር። ቀድሞ የደረሰው ጨማቂው ነው። የታሰሩ እጆቹን በተኳሹ ራስ ላይ አሳልፎ ገመዱን ጉሮሮው ላይ አሳረፈና ወደ ኋላ ሳበ። ያ አንሶላ የሚጨምቅ ክንድ ተወጠረ። ተኳሹ ሚስቱን ለቀቀ። ፊቱ ጠቆረ፤ ተረከዙ ሰገነቱን ደበደበ።

መርማሪዋ በዚያ ቀን ለሁለተኛ ጊዜ «በቃ!» አለች።

ጨማቂው ሰማ። ክንዱ ላላ። ተኳሹ እያሳለ ነጩ ጨርቅ ዳር ላይ ወደቀ፤ ፖሊሱም ካቴናውን አጠለቀለት። አናጢው ቢላውን አውጥቶ የጨማቂውን ገመድ ቆረጠ። እግሩ ላይ ሊወድቅም ጎንበስ አለ።

«ተወው» አለ ጨማቂው። «እኔም ብሆን ይህን ፊት አላምነውም።»

ልጅቱ ሻርፗን ፈታች። መንጋጋዋ እስከ ጆሮዋ ጠቁሯል። ከዚያ በታች አሮጌ፣ ወደ ቢጫ የተለወጠ ሌላ ምልክት አለ።

«ጥርሴን አይደለም» አለች። «እናቴ ጠዋት ትራሱን አየች። ‹የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ! እነዚህን ላንጥፍና ይህን ይዤ ወደ ሕግ እሄዳለሁ› አለችው። ሥራ ጀምራ አትተውም። ያኔውኑ ብትሄድ ኖሮ...» ዋጥ አደረገችው። «ካውያውን አንሥቶ ተከተላት። ሦስት ጊዜ ሰማሁ። ልብስ እየደበደበች ነው አልኩ ለራሴ። ግን ዛሬ የሚደበደብ ልብስ አልነበረም። አውቅ ነበር። ሲወርድ ‹ትንፍሽ ካልሽ ትከተያታለሽ› አለኝ።»

ተኳሹን አወረዱት። ሟቿንም በንጹሕ አንሶላ ጠቅልለው አወረዷት። መርማሪዋ ቢጫዋን ሴትና ቢጫውን ካውያ የያዘውን ጨርቅ ራሷ አጠፈችው፤ ብርሃን እንዳይነካውም በጃንጥላዋ ጥቁር ጨርቅ ሸፈነችው።

ልጅቱ የትራሱን ልብስ ከገመዱ አውርዳ ቆማ ታየው ነበር። በአውራ ጣቷ ቡናማውን ፈተገችው፤ ልማድ ነው።

«ይህ ከእንግዲህ አይለቅም» አለች።

መርማሪዋ እጇን ዘረጋች። «አምጪው ልጄ። ዳኛው ፊት እስኪደርስ እንዲለቅ አንፈልግም።»